ፊቱን ወደ ጎን ያዞረው ልጅ

ዘንዶው አላስቸገረኝም። ቅርፊቱን፣ ጥርሱን፣ ገደሉን ታኮ የተጋደመውን ረጅም ጭራውን አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ሥዬ ጨረስኩት። ዘንዶ አይቶ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ «እንዲህ አይደለም» ብሎ የሚከራከር አይኖርም። ያስቸገረኝ ልጁ ነው። በተረቱ ውስጥ ስም እንኳ የለውም፤ «አንድ ልጅ ነበረ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ማን እንደሆነ አውቅ ነበር።

ያን ጊዜ ደባርቅ አስተማሪ ነበርኩ። ሂሳብና ሥዕል አስተምራለሁ። ሥዕል አስተምራለሁ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስል፤ ልጆቹ ለበዓል ማጭድና መዶሻ ሲሥሉ የጠመመውን ማጭድ ማቅናት ነበር ሥራዬ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ ሥዕል የተሻለ ትችላለች ተብዬ ስለነበር ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደባርቅ ገብቷል። መፈክር የሚጻፍበት ጨርቅ ሲኖር የምጠራው እኔ ነኝ፤ የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የተሣለው በሬ የእኔ ነው። በሬው ላም ይመስላል እየተባለ ብዙ ተስቆብኛል። እኔ አልሳቅሁም፤ አልተቆጣሁምም። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ነገር እንደዚያ ነበር የሚያልፈኝ።

አንድ ቀን የአውራጃው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አስጠራኝ። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ብርዱ አልለምድ ብሎት ቢሮ ውስጥም ካፖርቱን የማያወልቅ ወጣት ነው። ጓድ እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ ነው የማናግረው፤ በዕድሜ ግን ብዙም አይበልጠኝም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ የተማረው ገበሬ የሚያነበው አጥቶ ፊደሉን እየረሳው ነው አለኝ። ስለዚህ ከጃናሞራና ከስሜን ሽማግሌዎች አንድ የጥንት ተረት ተለቅሟል፤ ሥዕል ያለው ትንሽ መጽሐፍ ሆኖ ይታተማል፤ ሥዕሉን ደግሞ የምሠራው እኔ ነኝ። ትችያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልችልም አላልኩም።

ተረቱ እንዲህ ነው። በጥንት ጊዜ በስሜን ገደል አፋፍ ላይ ደመና የሚጠጣ ዘንዶ ነበረ። ደመናው ከቆላ ተነሥቶ ሽቅብ ሲወጣ ዘንዶው አፉን ከፍቶ ይጠብቀውና አንድም ሳያስቀር ይጨልጠዋል። ደጋው ዝናብ አጣ፤ ገብሱ እንደተዘራ ቀረ። አንድ ልጅ አሞሌ ጨው በትከሻው ተሸክሞ ገደሉን ወረደ። ዋልያዎቹ የጨው ሽታ ስቧቸው አብረውት ስለወረዱ፣ እነሱ የረገጡትን እየረገጠ ደረሰ። ዘንዶው አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበርና ጨዉን እንዳለ ጉሮሮው ውስጥ ከተተለት። ዘንዶው ሲነቃ ደመና የማያረካው ጥማት ያዘው፤ ተከዜ ወርዶ ጠጣ፤ ከመጠጣቱ ብዛት ከብዶት ተመልሶ ሽቅብ መውጣት አቃተው። ዝናቡ መጣ። ልጁ ግን አልተመለሰም። ዘንዶው እንዳይወጣ ሊጠብቅ ተከትሎት ወረደ። ከሰዓት በኋላ ከቆላ የሚወጣው ጉም የዘንዶው ትንፋሽ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ ጉሙ ሲገፈፍ ደግሞ ልጁ አፉን ይዞታል ማለት ነው።

ኃላፊው ተረቱን ወዶት ነበር፤ ግን እንደወደደው አልተወውም። ግለሰብ ብቻውን ታሪክ አይሠራም አለኝ፤ ስለዚህ ከልጁ በስተኋላ የተደራጀ ገበሬ ይታይ። በሩቁ፣ ገደሉ አናት ላይ፣ የምስር ክክ የሚያካክሉ ሰዎች በባለ ቀለም እርሳስ ደረደርኩለት። ዘንዶው ባላባት እንዲመስል ሆዱ ይስፋ አለ፤ አሰፋሁት። ከሁሉ አጥብቆ ያዘዘኝ ግን ዘንዶው በሁሉም ሥዕል ፊት ለፊት እንዲታይ፣ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ አንባቢውን እንዲያይ ነው። ሕዝቡ ጠላቱን ፊት ለፊት ማወቅ አለበት ብሎ ምክንያቱን አስረዳኝ። እንደታዘዝኩት ሣልኩት።

ዕቃዬ ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው ጽሕፈት ቤቱ የሰጠኝ የውሃ ቀለም ነው፤ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የተደረደሩ የደረቁ ቀለሞች፣ ከአንዲት ቀጭን ብሩሽ ጋር። ለስሜን የሚበቃ አረንጓዴ ማን ይሰጣል? አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍና ሣሩን ብቻ እንደቀባሁ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ሰማያዊና ቢጫ እየደባለቅሁ ኖርኩ። ሁለተኛው ከወዳጅ አገር በዕርዳታ የመጣ ባለ ቀለም እርሳስ ነው፤ ለዋልያ ቀንድና ለልጁ ፀጉር ጥሩ ነበር፤ ስቀርጸው ግን ውስጡ እየተሰባበረ ጨረሰኝ። ሦስተኛው ቀለም ነው፤ የብዕር ቀለም። የትምህርት ቤቱ ቀለም ውሃ ሲነካው እየሸሸ ስላስቸገረኝ ብራና ከሚጽፉ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄጄ ጥቁሩን ለመንኳቸው። ከጥላሸት የቀመሙትን በቀንድ ቀድተው ሰጡኝ። ለዘንዶው ምላስ ቀይም እንዲጨምሩልኝ ስጠይቃቸው ግን ቀና ብለው አዩኝ።

«ቀዩ የአምላክና የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ነው፤ ለዘንዶ አይሰጥም» አሉኝ።

ምላሱ በእርሳስ ቀላ።

አሠራሩ ቅደም ተከተል ነበረው። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፤ በመጀመሪያ አርሼው ዳር ዳሩን በዱቄት ሙጫ ጣውላ ላይ እለጥፈዋለሁ። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ከዚያ ሰማዩ፣ ገደሉ፣ ልብሱ፣ የሰው ቆዳ ሁሉ በውሃ ቀለም ይቀባል። ደባርቅ ክረምቱን ምንም ነገር አይደርቅም፤ ምድጃ አጠገብ አቁሜ፣ ጭሱ እንዳያጠለሸው በእጄ እየተከላከልኩ አደርቃለሁ። ቀጥሎ ጥላውና ፀጉሩ በእርሳስ። የብዕሩ ቀለም መጨረሻ ነው፤ ምክንያቱም አንዴ ካረፈ አይነሣም፤ በምላጭ ብትፍቂው እንኳ ወረቀቱ ይበሳል። በቀለሙም ውስጥ የመጨረሻ መጨረሻው ዓይን ነው። ስለዚህ ቤቴ ለብዙ ሳምንት ዓይን በሌላቸው ሰዎች ተሞልቶ ከረመ። ሰው ሲገባ ይደነግጥ ነበር፤ እኔ ግን ለምጄያቸው ነበር።

እናቴ ዳባት ነው የምትኖረው። ጌሾ እየነገደች ብቻዋን ትኖራለች፤ አባቴ ገና ልጆች ሳለን ነው የሞተው። ከእኔ በታች አንድ ወንድም ነበረኝ፤ ጎንደር ሲማር የሰው ልጅ እንደዋዛ በሚጠፋበት ዘመን ጠፋ። አንዱ በመኪና ሲጭኑት አይቻለሁ ይላል፤ ሌላው ከጓደኞቹ ጋር በሊማሊሞ በኩል ቆላ ወርዶ በረሃ ገብቷል ይላል። ሞተ ብሎ ያረዳን የለም፤ አለ ብሎ የማለልንም የለም። ስለዚህ አልተለቀሰም፤ ፍትሐት አልተፈታለትም፤ ተዝካሩም አልወጣ። ስሙን መጥራት ቀስ በቀስ ተውን።

ፎቶግራፍ ነበረው። ጎንደር ፎቶ ቤት ገብተን፣ ፎቶ አንሺው ያዋሰውን ኮት ለብሶ፣ ከእኔ ጎን ቆሞ የተነሣው። በየቤቱ ፍተሻ ሊገባ ነው የተባለ ቀን እናቴ ደብተሮቹን፣ መጻሕፍቱን፣ በመጨረሻም ያን ፎቶግራፍ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን እጠብቅ ስለነበር ሲቃጠል አላየሁም፤ ሽታው ብቻ ደረሰኝ። ያን ቀን አላለቀስኩም፤ ከዚያም በኋላ አላለቀስኩም። የምነካውን ሁሉ በወፍራም ጋቢ ውስጥ ሆኜ የምነካው ነበር የሚመስለኝ። ተማሪ ሲያጠፋ እቆጣለሁ፤ ቀልድ ሲቀለድ ፈገግ እላለሁ፤ ግን ቁጣውም ፈገግታውም ወደ ውስጥ አይገባም።

ስለ መጽሐፉ ለእናቴ የነገርኳት ወሬ ጠፍቶኝ ነው። በበዓል ዳባት ወርጄ ዝም ብለን ከምንቀመጥ ብዬ ተረቱን አወራኋት። ልጁ ሳይመለስ እንደቀረ ስነግራት ጌሾ መልቀሟን አቆመች። ልጁን ማን አስመስለሽ ነው የምትሥይው አለችኝ። ገና አልሣልኩትም አልኳት።

«እሱን አስገቢልኝ» አለች። ወደ ጌሾዋ ተመልሳም፣ «የመንግሥት መጽሐፍ ከሆነማ ማን ያቃጥለዋል?»

አደገኛ ነው፣ ሰው ይለየዋል ብዬ ተከራከርኳት። የተረት ልጅን ፊት ማን ልብ ብሎ ያያል አለችኝ። እውነቷን ነበር። ፈታሾቹ ቤታችን ገብተው ሲያምሱት የፈለጉት፣ እሷም ፈርታ ያቃጠለችው፣ በእኛ እጅ የሚገኘውን የእሱን ፊት ነው። በእነሱ መጽሐፍ ውስጥ፣ በእነሱ ማኅተም ሥር ከተቀመጠ ግን የሚነካው የለም። እናቴ ይህን ሁሉ ጌሾዋን እየለቀመች ያሰበችው መሰለኝ። እሺ አልኳት። ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ከፍቶኝም አይደለም፤ እሺ ማለት ቀሎኝ ነው።

ገደሉን አይቼ ልሣል ብዬ ስሜን ተራራ ውስጥ ሳንቃ በር የሚባለው ቦታ ለመሄድ ፈቃድ ስጠይቅ መንገዱ ሰላም አይደለም ተብዬ ተከለከልኩ። ቅርቡ ሊማሊሞ ነበር። ሽቅብ ቁልቁል በሚለው የጭነት መኪና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን ገደል መሣል እንደጀመርኩ ኬላ የሚጠብቁ ወታደሮች መጡብኝ። ካርታ የምሠራ መስሏቸው ነው። ወረቀቱን ሲያገላብጡት ከሥር የዘንዶው ንድፍ ወጣ። አንደኛው ትኩር ብሎ አይቶት፣ ይኼ ነገር እዚህ ገደል ውስጥ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሲያስበው የቆየ ነገር ይመስል ነበር። ድሮ ነበር፤ ወደ ታች ወርዷል አልኩት። ለቀቁኝና ሥራዬን ቀጠልኩ። ከሥሬ ያለው መንገድ ወንድሜ ወረደበት የሚባለው መንገድ ነው። እንደ ማንኛውም መንገድ አየሁት፤ የት የት እንደሚታጠፍ ሣልኩና ተመለስኩ።

ችግሩ የመጣው ፊቱ ላይ ስደርስ ነው። ከፊት ለፊት ልሥለው ስሞክር አልመጣ አለኝ። አፍንጫውን አስቀምጣለሁ፣ ከንፈሩን አስቀምጣለሁ፣ ሳየው ማንም አይደለም። እንደገና ስሞክር መልሶ የእኔ ፊት ይሆናል። ብዙ ንድፍ ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩ። ለካ እኔ ወንድሜን እያየሁት ያደግሁት ከጎኑ ሆኜ ነው። አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተኝተን፣ አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተምረን፣ ፎቶውን እንኳ ጎን ለጎን ቆመን ነው የተነሣነው። ከጎን ሲሆን እጄ ሁሉንም ያውቃል፤ ወጣ ያለውን ጆሮውን፣ ከጆሮው ሥር አጥር ሲዘል ወድቆ የቀረችበትን ጠባሳ፣ ሊናገር ሲል ከፍ የሚለውን አገጩን። ስለዚህ በሁሉም ሥዕል ላይ ፊቱን ወደ ጎን አደረግሁት። ገደሉን ሲወርድ ወደ ጎን፤ ከዋልያዎቹ ጋር ወደ ጎን፤ ጨዉን ሲያጎርስ ወደ ጎን። እሱ መሆኑ አያጠራጥርም ነበር። እንዲህ የሚያስመስል ነገር ሣልኩ ብዬ ኩራት ቢጤ እንኳ ተሰምቶኛል።

ሥዕሎቹን ለኃላፊው ከማስረከቤ በፊት ጠቅልዬ ዳባት ይዣቸው ወረድኩ። ጧት ነበር። እናቴ እጇን ታጥባ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችና አልጋዋ ላይ ዘርጊው አለችኝ። በተራ ዘረጋሁላት። አንዱን አየች፤ ሁለተኛውን አየች፤ ሁሉንም አይታ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ምን በድሎ ነው?» አለች።

ማን አልኳት።

«ልጄ ነዋ። አንድ ዓይን የሰጠሽው ምን በድሎ ነው?»

በዚያን ጊዜ ሥዕሎቹን እሷ እንደምታያቸው አየኋቸው። የደብራችን ግድግዳ ላይ ጻድቃኑ፣ ሰማዕታቱ፣ መላእክቱ ሁሉ ሁለት ዓይን አላቸው፤ ፊት ለፊት ያያሉ። ጌታን የሸጠው፣ የገረፉት፣ ጎኑን የወጋው፣ አጋንንቱ ሁሉ ደግሞ ፊታቸውን አዙረው በአንድ ዓይን ነው የተሣሉት። በሴቶች በኩል ቆመን ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ ስናያቸው ነው ያደግነው፤ ማን ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም ነበር። እኔም አሳምሬ አውቀዋለሁ። ግን ማሠልጠኛው ከጎን የታየ ፊት ከጎን የታየ ፊት ብቻ ነው ብሎ አስተምሮኝ ነበር፤ እጄ ደግሞ የሚያውቀውን ሠራ። አልጋው ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይን ያለው ልጅ ሁለት ዓይን ያለው ዘንዶ ፊት ቆሟል።

«እኔ አቃጠልሁት» አለች እናቴ፤ «አንች ደግሞ ከይሁዳ ጋር አቆምሽው።»

አልጮኸችም። እንዲያውም ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ዘንዶውን እንዲህ አድርጊ ያለኝ ኃላፊው ነው ልላት ፈለግሁ፤ ስለ ሥዕል ሕግ ላስረዳት ፈለግሁ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እማየ፣ ፊቱ ጠፍቶኛል።»

ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ፣ ስንቱን እንደቀደድኩ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ወንድምሽን እንዴት ትረሻለሽ ትለኛለች፤ ቢያንስ ዓይኑ እንዲህ ነበር፣ ቅንድቡ እንዲህ ነበር ብላ ትነግረኛለች። እሷ ግን ሥዕሎቹን በእጇ ገፋ አድርጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እኔም» አለች። «አንች ታመጭልኛለሽ ብየ ነበር።»

ያን ጊዜ ፈራሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ የተሰማኝ እውነተኛ ነገር ያ ፍርሃት ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ ብረሳው እሷ ትይዘዋለች፣ እናት አትረሳም እያልኩ ነው የኖርኩት። እሷም እኔ እይዘዋለሁ ብላ ነው ለካ የኖረችው። በሁለታችን መካከል አስቀምጠነው ማንም አልያዘውም።

እናቴ ተነሥታ አገጬን ያዘችና ፊቴን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። እንደ ልጅነቴ ነው የያዘችኝ፤ ጆሮዬን ልታጥብ ስትል እንደምትይዘኝ። ልጆች ሳለን ክርስትና እናቴ እንኳ ነጠላ ከተከናነብን እሱን ከእኔ አትለይም ነበር። እናቴ ግንባሬን አየች፣ ዓይኔን አየች፣ አውራ ጣቷን ቅንድቤ ላይ አሳለፈች።

«ያንችን ስጭው» አለችኝ።

እሱ አይሆንም አልኳት። የእኔ ዓይን ከሆነ እሱ አይደለም፣ ውሸት ነው አልኳት።

«ከአንድ ማኅፀን ነው የወጣችሁት። የሁለታችሁም ዓይን የኔ ነው» አለች።

ቀለሜን ይዤ ነበር። የልብስ ሣጥኗን ክዳን ወረቀት መወጠሪያ አደረግሁት፤ ሙጫውን እሷ ከዱቄት ለወሰችልኝ። ዳባት ያን ቀን ፀሐይ ስለነበረ ግቢው ውስጥ ድንጋይ አስደግፈነው ቶሎ ደረቀ። ልጁን ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ጨዉን በትከሻው አድርጎ፣ ሊወርድ ሲል ዞር ብሎ ወደ ኋላ ሲያይ ሣልኩት። ጆሮው የእሱ ነው፤ ጠባሳው የእሱ ነው፤ አገጩ የእሱ ነው። ከዚያ የኪስ መስታወቴን ከጌሾው ከረጢት ጋር አስደግፌ የመሪጌታውን ጥቁር ቀለም በብዕሬ ነከርኩና መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ዓይን ከራሴ ፊት ቀዳሁ። እናቴ ከአጠገቤ ቆማ ነበር። ሁለተኛው ሲያልቅ እሱ ነው አላለችም፤ አይደለም አላለችም። ዝንብ እንዳያርፍበት በነጠላዋ ከለለችው።

ሌሎቹን እንዲያ እንዲቀሩ አልፈቀደችም። ደባርቅ ተመልሼ እንደገና ሠራኋቸው። በእያንዳንዱ ሥዕል መስታወት ፊት መቀመጥ ስላልሆነልኝ በቀሩት ሁሉ ልጁን ከጀርባው ሣልኩት፤ ጀርባ ደግ ክፉ የለውም። ዘንዶውን እንዳለ ተውኩት። ኃላፊው ሥዕሎቹን ሲቀበል አፋፉ ላይ የቆመው ልጅ ለምን ጠላቱን ትቶ ወደዚህ እንደሚያይ ጠየቀኝ። ሰፊውን ሕዝብ ነው የሚያየው አልኩት። በጣም ደስ አለው፤ ንቃቴን አድንቆ በስብሰባ ላይ አነሣው።

መጽሐፉ ታትሞ የመጣው የሥዕሎቹን ነገር ከረሳሁት በኋላ ነው። ሳየው ጥቁር ብቻ ነው። ሰማዩ የለም፤ ያ ሁሉ ሰማያዊና ቢጫ እየደባለቅሁ ያወጣሁት አረንጓዴ የለም፤ በእርሳስ የደረደርኳቸው ገበሬዎች የቆሻሻ ነጠብጣብ መስለዋል፤ የዘንዶውም ምላስ ጠፍቷል። ከነቀለማቸው የላክኋቸው ሥዕሎች የት እንደደረሱ የሚያውቅ አላገኘሁም። የቀረው በብዕር ያረፈው ብቻ ነው። ስለዚህ አፋፉ ላይ የቆመው ልጅ ዓይኑ ከሁሉ በላይ ጎልቶ ይታይ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ተጨምሯል። ኃላፊው የተረቱን መጨረሻ ለውጦታል። ሕዝቡ ተባብሮ ቆላ ወረደ፣ ልጁንም በትከሻው ተሸክሞ እየዘፈነ ወደ አገሩ መለሰው ይላል። በጣም አናደደኝ፤ ከመናደዴ የተነሣ ለሁለት ሳምንት ያህል ዳባት ሳልወስደው ቆየሁ። እናቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ ስለነበር መጽሐፉን ስሰጣት በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። መጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ አንዴ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው፤ «መለሰው» የሚለው ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ይኸ ሰውየ ደግ ሰው ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ኃላፊውን ባየሁ ቁጥር እንደ ድሮው ልንቀው አልቻልኩም።

መጽሐፉ በእናቴ ራስጌ ብዙ ዓመት ኖረ። ጎረቤት ሲመጣ የልጄ ሥራ ነው ብላ ታሳያለች፤ ሥዕሉን እንጂ ልጁን ማንም አልለየውም። ብቻዋን ስትሆን ግን አፋፉ ያለበትን ገጽ ገልጣ ታስቀምጠው ነበር፤ ስደርስ ተገልጦ አገኘዋለሁ። የእኔን ዓይን የሰጠነው መሆኑን እየረሳች መጣች። አንድ ቀን ዓይኑ እኮ ልክ እንዲህ ነበር አለችኝ፤ አላረምኳትም። እኔም ብሆን ከዚያ ወዲህ ወንድሜን ሳስብ የሚመጣልኝ ያ ፊት ነው፤ ሌላ የለኝም።

መንግሥቱ ሊወድቅ የደረሰ ጊዜ ሠራዊቱ በደባርቅ መንገድ እየተንጋጋ ወደ ጎንደር ማፈግፈግ ጀመረ። መንግሥትን የሚወጉት ታጣቂዎች በአዲ አርቃይ በኩል እየወጡ ነው ተባለ። ሰው ሁሉ ወረቀት ማቃጠል ያዘ፤ የማኅበር መታወቂያ፣ የአባልነት ደብተር፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ምስል፣ ማኅተም ያረፈበት ማንኛውም ነገር። ማን ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ የራሴን አቃጥዬ፣ አንድ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ዳባት ደረስኩ። ከየግቢው ጭስ ይወጣል። የእናቴ ግቢ ውስጥም እሳት ነዷል፤ እሷ ከአጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ መጽሐፉ ጭኗ ላይ ነው።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ መፈክር ነው፤ ከሥሩ ማኅተም አለበት፤ ከማኅተሙ ሥር ደግሞ ሠዓሊዋ ተብሎ የእኔ ስም። ፍርሃት ስለያዘኝ ሰላምም ሳልላት ስጭኝ፣ ላቃጥለው አልኳት። እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም። ደግሜ ለመንኳት፤ ቢያገኙብሽ ምን ትያለሽ፣ የመንግሥት መጽሐፍ ነው እኮ አልኳት። እናቴ አፋፉን ገለጠችና ወደ እኔ አዞረችው። ልጁ ጨዉን ተሸክሞ በእኔ ዓይን አየኝ።

«ያን ጊዜ እሱን ነው ያቃጠልሁት» አለች። «አሁን ሁለት ናችሁ።»

ከዚያ የመፈክሩን ገጽ ብቻ ቀስ ብላ፣ ስፌቱ እንዳይፈታ በጣቷ ይዛ ቀደደችና ሰጠችኝ። እሳቱ ውስጥ ጣልኩት። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ሲጠቁር አየሁ፤ ያኔ በሩ ላይ ቆሜ ያላየሁትን አሁን አየሁት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ወንድሜ ከጠፋ ጀምሮ ያላለቀስኩትን ጎረቤት እስኪሰማኝ አለቀስኩ። እናቴ አላባበለችኝም። መጽሐፉን ብብቷ ሥር አደረገች፤ በማሰሮ ውሃ አምጥታ እሳቱን አጠፋችው።